እስከ ኮሌታው ድረስ

ባለፈው ወር የሥራ ጠረጴዛዬን ለሌላ ሰው አስረክቤ ወጣሁ። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። የሻይ ስኒ ለመያዝ አያስቸግረኝም፤ መቶ ዓመት ያለፈውን ፎቶግራፍ ለመያዝ ግን ያስቸግራል። ከሰላሳ ዓመት በላይ ሲያትል ውስጥ፣ ከጃክሰን ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ፍሬም ስሠራና የተጎዳ ፎቶ ሳድን ኖሬያለሁ። የአገሬ ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ "ፍሬም" ካልኳቸው "አናጢ ነሽ እንዴ?" ይሉኛል። እንጨቱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ከእንጨቱ ኋላ ያለው ነው፤ ወረቀቱ፣ ሙጫው፣ እርጥበቱ፣ ሰው አይቶ የረሳው ነገር።

ሲያትል ስገባ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበር ያረፍኩት። መጀመሪያ የሆቴል አንሶላ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ ፍሬም ቤት በር ላይ ተጠለልኩ። መስኮቱ ላይ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ የሚገልጽ ወረቀት ስለነበር ገብቼ ጠየቅኩ። ባለቤቷ ሚስስ ኖዳ ይባላሉ። እዚሁ ሲያትል ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለዱ፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማያልፍ ሴት ነበሩ። የት እንደተማርኩ አልጠየቁኝም።

"እጅሽን አሳዪኝ" አሉኝ።

ዘረጋሁላቸው። መዳፌን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

"አያልብሽም" አሉ። "ፈርተሽ እንኳ አላላበሽም። ሰኞ ነይ።"

ደመወዙ ከሆቴሉ ያነሰ ነበር። ሰኞ ግን ሄድኩ።

እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ በመናገር ሳይሆን በልማዳቸው ነው። እጃቸውን ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡና በአየር ያደርቁታል፤ ፎጣ ክር ይተዋላ። እስክሪብቶ ጠረጴዛው አጠገብ አይደርስም፤ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው። ፎቶ ላይ ሲያጎነብሱ በአፍንጫቸው ብቻ ነበር የሚተነፍሱት። ማንኛውም ፍሬም በፊቱ ተደፍቶ ከጀርባው ይከፈታል። ከጃፓናውያን ቤት የመጣ አሮጌ ፍሬም ሲሆን ደግሞ አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ፍሬሙን ይደፉትና በጣታቸው አንጓ ጀርባውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዝም ይላሉ፤ ልክ የሰው በር አንኳኩቶ እንደሚጠብቅ እንግዳ።

"ምን ይጠብቃሉ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ውስጥ ሰው ካለ ድምፁ ይለያል" አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በሁለተኛ ዓመቴ ከአንዲት መበለት ቤት የበረዶ ተራራ ሥዕል መጣ። ከካላንደር ተቆርጦ የወጣ፣ ርካሽ ነገር ነበር። ሚስስ ኖዳ ደፍተው አንኳኩ። ከዚያ እጃቸውን ከፍሬሙ ላይ አነሡና "በሩን ቆልፊው" አሉኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ውጪ ሰው ይተላለፋል። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀሉ። ከጀርባው ካርቶን ሥር ሌላ ካርቶን ነበር፤ ከእሱ ሥር በክር የታሰረ ነጭ ወረቀት። ወረቀቱን ከመፍታታቸው በፊት ቀጥ ብለው ቆሙና ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ከወረቀቱ ውስጥ የወጣው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምስል ነበር። ጢማም ነው፤ ደረቱ በኒሻን የተሞላ ወታደራዊ ልብስ ለብሷል፤ እጁ ሰይፉ ላይ ነው፤ ላባ ያለው ባርኔጣው አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ወደ እኔ ናቸው፤ የሚያዩት ግን ከኋላዬ ያለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሳላስበው ዞር ብዬ አየሁ።

"የሜጂ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ናቸው" አሉኝ።

ስማቸውን ባላውቅም ዘመናቸውን አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ስማር የታሪክ አስተማሪያችን "ጃፓንና እኛ እኩል ነበርን" እያለ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነበር። እሱ ሲያወራ የጃፓን ንጉሥ በአእምሮዬ የባቡር ሐዲድ በገዛ እጃቸው የሚያነጥፉ፣ እጀ ትልቅ ሰው ነበሩ። ፎቶው ላይ ያለው እጅ ግን ትንሽና ለስላሳ ነበር።

ሚስስ ኖዳ ምስሉን መልሰው ሸፈኑትና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ንጉሡ ዙፋን ላይ ሲወጡ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር አሉኝ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ከመጋረጃ ኋላ ይኖሩ ነበር፤ አገሩን የሚገዛው የጦር አለቃ ነበር። እሳቸውን ግን ከአሮጌው ከተማ አውጥተው ቶኪዮ አስገቧቸው። ጸጉራቸውን ተቆረጡ፣ የአውሮፓ ልብስ ለበሱ፣ የበሬ ሥጋ በሉ። በዘመናቸው ባቡር መጣ፣ ቴሌግራፍ ተዘረጋ፣ የገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሕገ መንግሥት ታወጀ፣ ጦሩም ገነነ።

"እሳቸው ናቸው የሠሩት ወይስ ሚኒስትሮቹ?" አልኳቸው።

"ሰው ይከራከርበታል። አባቴ ስለ አያቴ የነገረኝን ልንገርሽ። ንጉሡ ጸጉራቸውን ተቆረጡ የሚለውን ወሬ በሰማ ማግስት አያቴ ቁንጮውን ቆረጠና ሦስት ቀን አለቀሰ። አያቴን ጸጉሩን የሚያስቆርጠው ሚኒስትር አልተፈጠረም።" ከዚያ የተሸፈነውን ምስል በአገጫቸው አመለከቱኝ። "ደግሞ ይሄ የሳቸው ፎቶ አይደለም። ንጉሡ ካሜራ አይወዱም ነበር። አንድ የውጭ አገር ሠዓሊ ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ ምግብ ሲበሉ ፊታቸውን ነደፈ። ሥዕሉ በፎቶ ተባዛና በየትምህርት ቤቱ ተሰቀለ። ለቀረው ሰውነት ደግሞ ወታደራዊ ልብሱን ለብሶ የተቀመጠው ሠዓሊው ራሱ ነበር ይባላል። አገር ሁሉ እጅ የነሳው ለዚህ ሥዕል ነው።"

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትገጥም መርማሪዎች የሲያትል ጃፓናውያንን ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። የንጉሥ ምስል ያለው ሰው ሰላይ ሊባል ይችላል። አንዳንዱ አቃጠለ፣ አንዳንዱ ቀበረ። ማቃጠል ያልቻለ ደግሞ ከካላንደር ሥዕል ኋላ ደበቀ። ከዚያ ሁሉንም ጭነው ወደ በረሃ ካምፕ ወሰዷቸው፤ ፍሬሞቹ በየጎረቤቱና በየምድር ቤቱ ቀሩ።

ይህን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። አብዮቱ ሲመጣ አባቴ የኛን ንጉሥ ፎቶ ከሳሎን አውርዶ፣ በዚያው ፍሬም ውስጥ ከአበባ ሥዕል ኋላ አስገብቶ መልሶ ሰቅሎታል። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን የአበባ ሥዕል አቧራ ስትጠርግ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር።

ከተራራው በኋላ ባሉት ዓመታት ሌላ ስድስት ጊዜ አገኘናቸው። ከሸራ መርከብ ኋላ፣ ከድመት ሥዕል ኋላ፣ አንድ ጊዜም ከአንድ ሕፃን ልጅ ፎቶ ኋላ። ቤቶቹ አይተዋወቁም፤ ፊቱ ግን አንድ ነው፤ ሁልጊዜም ከኋላዬ ያለውን ሰው ያያል። እየቆየ ማንኳኳቱን ተማርኩት። ድምፁ እውነትም ይለያል።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

ሚስስ ኖዳ ሰማንያ አምስት ሲሞላቸው ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸውና ቤት ዋሉ። ሱቁን እኔ ያዝኩ። አንድ የመጸው ቀን ከኤቨረት ከተማ ሚስተር ሞሪ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ፋብሪካ የጨረሱ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የፏፏቴ ሥዕል ይዘዋል። ስቀበላቸው ክንዴ ወረደ፤ ከመጠኑ በላይ ከባድ ነበር።

"የእናቴ ነው" አሉኝ። "ቤታችን ማንም ለዚህ ሥዕል ጀርባውን ሰጥቶ አይቀመጥም ነበር። እናቴ ከዚያ ክፍል ስትወጣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ነበር የምትወጣው። ለምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ሞተች።"

"አሁን ምን አስታወሰዎት?"

"እህቴ ልትሞት ነው። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጣለች፤ ዋይት ሴንተር የአረጋውያን ቤት ነው ያለችው። ስለ ልጅነታችን አንድ ቀን አውርታኝ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ከእንቅልፏ ነቅታ 'ከፏፏቴው ኋላ ያሉት ደኅና ናቸው?' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አትጠይቅም።"

ፍሬሙን ደፍቼ አንኳኳሁ። ሚስተር ሞሪ ድምፁን ሰምተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ከፏፏቴው ኋላ ንጉሡ ከነመስታወታቸው ነበሩ። ክብደቱ የመስታወቱ ነው። ግን ባንዱ ዘመን ውሃ ገብቶበት ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ይህ በሥራችን ከሁሉ የከፋው ነው። ምስሉን የያዘው ከወረቀቱ ላይ ያለ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ነው፤ ሲርስ ሙጫ ይሆናል። የሚላቀቀው ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከእርጥብ ወረቀት በላይ ተቀምጦ፣ እርጥበቱ ቀስ እያለ ሲገባው ነው።

ሚስስ ኖዳ ጋ ኮል አደረግኩ።

"ስንት ቀን ላቆየው?"

"ቢያንስ ሰባት። ካልላላ አሥራ አራት። እርጥበቱ ይሥራ፤ አንቺ አትሥሪ።"

ይህንን ለሚስተር ሞሪ ስነግራቸው ወለሉን አዩ። "እህቴ ሰባት ቀን የላትም" አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ከፍቼ የታችኛውን ጥግ በስስ ቢላ ነካሁት። እሺ አለኝ። ጉልበታቸው ተላቀቀ፤ ሰይፋቸው፣ ትንሿ እጃቸው፣ ከዚያ ኒሻኖቹ ተከተሉ። ደስ አለኝ፤ ሚስስ ኖዳ በእርጅናቸው ፈሪ ሆነዋል ብዬ እንዳሰብኩ አልደብቅም። ኮሌታው ጋ ስደርስ ቢላዋን አንዲት ነገር ያዘቻት። በጣቴ ተሰማኝ። ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። የደረቀ ቅጠል ስትረግጡ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ወረቀቱን ሳነሣው ከኮሌታው በላይ ነጭ ነበር። የተቀመጠው ሰውነት፣ ሰይፉን የያዘው እጅ፣ ባርኔጣው፣ ሁሉም ደኅና ነው፤ ፊት ግን የለም። ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀርቷል፤ ያለ አንገት፣ ያለ አካል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ቀና ብሎ ያየኛል። አሁን ከኋላዬ ያለውን ሰው አልነበረም የሚያየው።

ልጄ ሣራ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ከትምህርት ስትወጣ ልትወስደኝ መጣች። እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ አገኘችኝ።

"ማሚ፣ ኢት ኢዝ ኦኬ" አለችኝ ወረቀቱንና መስታወቱን አይታ። "ይሄ እኮ ኦንላይን አለ። ፕሪንት አድርጊና ቀጥይው። ማን ያውቃል?"

ሰባት ቤት ያየሁት ፊት ስለሆነ ለማግኘት አልቸገረኝም። አተምኩት፤ በልኩ ቆረጥኩት፤ ኮሌታው ላይ አስቀመጥኩት። ልክ ገባ። ሚስተር ሞሪ አይለዩትም። ዓይናቸው የደከመ እህታቸውም አይለዩትም። ግን ልጣብቀው ሙጫውን ስከፍት፣ ሚስስ ኖዳ ይህን ደፍተው ሲያንኳኩ ታየኝ። ያተምኩትን ፊት ቀዳድጄ ጣልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስስ ኖዳ በታክሲ መጡ። በከዘራቸው ተደግፈው ወረቀቱንም መስታወቱንም ረጅም ጊዜ አዩ።

"የት ላይ ያዘሽ?"

"ኮሌታው ላይ።"

"ተሰምቶሽ ነበር ማለት ነው።"

"አዎ።"

ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚስተር ሞሪ ሲመጡ እኔው ነገርኳቸው። ፊት የሌለውን ንጉሥ አይተው ዓይናቸውን መለሱ። "እኔ ነኝ ያቻኮልኳት" አሉ ለሚስስ ኖዳ።

"አይደለም" አሉ ሚስስ ኖዳ። "እጁ የእሷ ነው።"

ያም ሆኖ እህትየው ጠብቀዋልና ሦስታችን በሚስተር ሞሪ መኪና ወደ ዋይት ሴንተር ሄድን። ወረቀቱን ካርቶን ላይ አሳርፌ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። መስታወቱን ለብቻው ጠቅልለው ሚስስ ኖዳ ያዙት።

ሚስ ሞሪ አልጋቸው ላይ ሕፃን አክለው ተኝተዋል። ወንድማቸው የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረጉላቸውና ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ አልሰሙኝም። ጣታቸውን ከጉልበቱ አስነሡ። በሰይፉ አድርገው ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ኒሻኖቹ፣ ከዚያ ወደ ኮሌታው አመጡና እዚያ አቆሙ።

"አዎ" አሉ። "እሳቸው ናቸው።"

"እህቴ፣ ፊቱ እኮ ጠፍቷል" አሉ ሚስተር ሞሪ።

"የምን ፊት?"

ሚስ ሞሪ እየደከሙም ቢሆን በትዕግሥት አስረዱን። አባታቸው ለማኅበረሰቡ ልጆች ጃፓንኛ ያስተምሩ ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ በንጉሡ ልደት፣ ምስሉን ሳሎን ይሰቅሉና ልጆቹን አሰልፈው እጅ ያስነሱ ነበር። የንጉሡን ፊት ያየ ልጅ ዓይኑ ይጠፋል ይሏቸው ነበር። "እኔ ደፋር ነበርኩ" አሉ። "ሌሎቹ ጉልበቱን ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ እስከ ኮሌታው ድረስ ደርሻለሁ። አባባን የወሰዱት ቀን ከፏፏቴው ኋላ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ።"

ሚስተር ሞሪ ምን እንደገፋፋቸው አላውቅም፤ መስታወቱን ከሚስስ ኖዳ ተቀብለው ፈቱትና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዙት። ከመኪና ማቆሚያው በላይ፣ ግራጫው ሰማይ ላይ፣ ፊቱ ተንሳፍፎ ታየ። እህትየው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። እኔ ልባቸው እንዳይቆም ፈርቼ ነበር።

"ይህን ሰው አላውቀውም" አሉ በመጨረሻ። "ከክፍሉ አውጡት።"

በአራተኛው ቀን ዐረፉ። ሚስተር ሞሪ ወረቀቱን አብሯቸው አስቀበሩት። መስታወቱን ግን ሱቅ አምጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩትና "ቤቴ ሊያድር አይችልም" ብለው ሄዱ።

ያን ቀን ከዋይት ሴንተር ስንመለስ ሸክሜ ቀሎኝ ነበር። ሚስስ ኖዳን ከመኪናው አውርጄ እስከ ቤታቸው በር ስሸኛቸው "ደስ ብሏቸዋል እኮ" አልኳቸው።

ከዘራቸውን መሬት ላይ አጽንተው ቆሙ። "የእሷ ደስታ ያንቺን ጥፋት አያርመውም" አሉኝ። "ያገኘሽው ዕድል ነው፤ ሙያ አይደለም። የሥራ ደብተሩ ላይ ጻፊው።"

ጻፍኩት፤ በእርሳስ። የያዘኝን ቦታ፣ ያለፍኩትን ምልክት፣ መጠበቅ የነበረብኝን ቀን። ከዚያ በኋላ ያዝ ያደረገኝን ነገር አልፌ አላውቅም፤ ሰው አልቅሶ ሲለምነኝም ቢሆን። ሚስስ ኖዳ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። በቀብራቸው ቀን እጄ አላላበም፣ ዓይኔም አላለቀሰም። ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው ያለቀስኩት።

ሱቁን የለቀቅኩ ቀን ሣራ ካርቶን ልትሸከምልኝ መጣች። አሁን ነርስ ናት። መሳቢያዎቹን ባዶ ስናደርግ ከግርጌ ያን መስታወት አገኘነው። ወረቀቱን ስፈታው ሽፋኑ ደርቆ ተላቅቋል፤ ጢሙም፣ አፉም፣ ግንባሩም ቡናማ ፍርፋሪ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ወድቋል። መስታወቱ ላይ የቀረው አንድ ዓይን ነው። እሱ ብቻ አልተነካም።

ሣራ ሁሉንም ረስታዋለች። "ማሚ፣ ማነው ይሄ?"

"ንጉሥ ነበሩ፤ የጃፓን።"

"ኦኬ። ሶ ምን አደረገ?"

ነገርኳት። ልጅ ሆነው እንደነገሡ፣ ከመጋረጃው እንደወጡ፣ ጸጉራቸውን እንደተቆረጡ። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ቴሌግራፉ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዓይን ብርሃን ይዟል። ብዙ አወራሁ መሰለኝ፤ ሣራ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

"ማሚ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ለምንድነው ወለሉን እያየሽ የምታወሪው?"